ላቭላንድ፦ ከመጀመሪያው ሸርተቴ እስከ ገመዱ ማዶ

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖር ሐበሻ ተራራውን በየቀኑ ያየዋል። ከሥራ ሲወጣ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመጣ፣ ሀቫና መንገድ ላይ ቡና ሊጠጣ ሲቆም ነጩ ሸንተረር በስተምዕራብ ተገትሮ ነው። ሄዶ በረዶው ላይ መንሸራተት ግን አይታሰብም። «ስኪ የፈረንጅ ነገር ነው» ይባላል። ቀጥሎ «ውድ ነው» ይመጣል። እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት።

የፈረንጅ ነገር የሚለውን ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ዘግቶታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። በክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሷል። የእሱ ስኪ ሜዳና ኮረብታ እያቆራረጡ ረጅም ርቀት የሚኬድበት ነው። እኔ የማወራችሁ ቁልቁል የሚወረድበትን ነው።

ውድ ነው የሚለው ግን እውነት አለው። ቬይልን የመሰሉ ትልልቅ ቦታዎች ኪስ ያራግፋሉ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ላቭላንድ ነው። በ1937 የተከፈተ፣ ዝናው ብዙም ያልጮኸ ተራራ ነው። ሆቴል የለውም። የሱቅ መንደር የለውም። መኪና ማቆሚያው ነፃ ነው፤ ፀሐይ የወጣ ቀን ሰዉ መኪናው አጠገብ ሥጋ ሲጠብስ ታዩታላችሁ። ምሳችሁን ቋጥራችሁ ብትመጡ ማንም አይገላምጣችሁም።

ስሙ እንዳያሳስታችሁ

ከዴንቨር በስተሰሜን ላቭላንድ የሚባል ከተማ አለ። የስኪ ቦታው እዚያ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ስልኩ ላይ «ላቭላንድ» ብቻ ጽፎ፣ ልጆቹን ጭኖ፣ ሜዳ ላይ ካለችው ከተማ ገብቶ «ኧረ ተራራው የታለ?» ብሎ ደውሎልኛል። «ላቭላንድ ስኪ ኤሪያ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መውጫ 216። የአይዘንሃወር ዋሻ አፍ ላይ ማለት ነው። ዋሻው የሚያልፈው በስኪ ቦታው ስር ስለሆነ፣ መኪናችሁ ውስጥ ሆናችሁ ስታልፉ ከራሳችሁ በላይ ሰው እየተንሸራተተ ነው።

ከመውጫው ላይ ሌላም መንገድ አለ። ሀይዌይ 6 እየተጠማዘዘ ላቭላንድ ፓስ ወደሚባለው የተራራ ማቋረጫ ይወጣል፤ ጫፉ 3,655 ሜትር ነው። ነዳጅና አደገኛ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ዋሻው ውስጥ ስለማይፈቀድላቸው በዚያ ነው የሚዞሩት። እዚያ ጫፍ ላይ መኪና አቁሞ፣ ስኪ አጥልቆ፣ ያለ ትኬት መውረድ ይቻላል። በር የለም፤ ጠባቂም የለም። ሁለቱ ቦታዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ በረዷቸውም አንድ ይመስላል። አንድ ግን አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ከመኪናው እንጀምር። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ አይ-70 ላይ በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል የሚነዳ ሁሉ ለበረዶ መዘጋጀት ሕግ ነው። መኪናችሁ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የጎማው ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልገዋል። ካልሆነ የክረምት ጎማ ግጠሙ፣ ወይም ሰንሰለት ያዙ። ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ከቤት ውጡ። 1 ሰዓት ካለፈ መንገዱ ቦሌ በበዓል ዋዜማ ማለት ነው።

ልብስ ላይ ዋናው ጠላት ጥጥ ነው። ጥጥ ላብና በረዶ ይመጥጣል፤ ከዚያ አይደርቅም። ጂንስ ለብሶ የመጣ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ካፍቴሪያው ውስጥ ነው የሚገኘው። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሐል ላይ ሞቅ ያለ ሹራብ፣ ከላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጓንት ላይ አትቆጥቡ። ሄልሜትና የስኪ መነጽር ደግሞ ግድ ናቸው።

ፀሐዩን አትናቁ። ከላይ የሚመጣው አንሶ በረዶው መልሶ ከታች ይረጨዋል። «እኔ ጥቁር ነኝ፣ አልቃጠልም» ያለ ዘመዴ ለሳምንት አፍንጫው ሲላጥ ከርሟል።

ስንቅ ቆሎ ይሁን። ቀልድ አይደለም። የሱቁ ጣፋጭ ብርድ ላይ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ቆሎ ግን ኪስ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ ጓንት አውልቆ አንድ ዘገን ማድረግም ቀላል ነው። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። የላቭላንድ መነሻው ራሱ ወደ 3,290 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። ጫፉ 3,965 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ማደግ ዛሬ አያድናችሁም፤ ሳንባ ውለታ ቶሎ ይረሳል። ከዲሲ ወይም ከዳላስ እንግዳ ከመጣባችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ዴንቨር አሳድሩት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ጫማው

ዕቃ ተከራዩ፤ የመጀመሪያ ዓመት መግዛት ሞኝነት ነው። ከስኪው ይልቅ ጫማው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግራችሁ ጣት የጫማውን ጫፍ ነካ ማድረግ አለበት። ጉልበታችሁን ወደ ፊት ስታጥፉ ጣቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ተረከዛችሁ ግን አይነሳም። ጥብቅ ይበል፣ አያሳምም። ካልሲ አንድ ብቻ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ብርዱን ፈርቼ ሁለት ካልሲ ደረብኩ። ደም መዘዋወሪያ አጥቶ እግሬ ከማንም በፊት ደነዘዘ።

ለአከራዩ ክብደታችሁን በትክክል ንገሩት። ስትወድቁ ስኪው ከጫማው የሚላቀቅበት ኃይል የሚሞላው በእሱ ስሌት ነው። አፍራችሁ 10 ኪሎ ከቀነሳችሁ ስኪው በረባ ባልረባው ይፈታል፤ ከጨመራችሁ ደግሞ መፈታት ሲገባው አይፈታም፤ ያን ጊዜ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ ቫሊ

ላቭላንድ ሁለት ቦታ ነው። ቤዚን ትልቁ ተራራ ነው። ቫሊ ከሱ ዝቅ ብሎ ያለ፣ ለጀማሪ የተለየ ሜዳ ነው። ጀማሪ ቤዚን ላይ ሥራ የለውም። ትምህርት፣ ኪራይና ትኬት በአንድ ላይ የሚሸጥበትን ፓኬጅ ጠይቁ። ደግሞም አስተማሪ ይዛችሁ ተማሩ። ባል ሚስቱን ስኪ ማስተማር መኪና መንዳት እንደማስተማር ነው፤ ውጤቱን ታውቁታላችሁ።

ትምህርቱ በዚህ ተርታ ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ስኪ ብቻ አጥልቃችሁ ሜዳው ላይ ትንፏቀቃላችሁ። ከዚያ ሁለቱን። ቀጥሎ «ፒዛ» ይመጣል፤ የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቦ ጭራቸውን መክፈት ነው፣ ቅርጹ ቁራጭ ፒዛ ይመስላል። በሰፊው ስትከፍቱ ትቆማላችሁ፣ ስታጠቡ ትፈጥናላችሁ።

ለመታጠፍ ክብደታችሁን ወደ አንዱ እግር ጫኑ። ቀኝ እግር ላይ ከጫናችሁ ወደ ግራ ይዞራል፣ ግራው ላይ ከሆነ ወደ ቀኝ። ትከሻ ማወዛወዝ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ቁልቁለት ሲፈራ ገላው ወደ ኋላ ይሸሻል። ገላ ወደ ኋላ ሲሸሽ ደግሞ የስኪው አፍንጫ ይቀልና አልታዘዝ ይላል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍርሃቱም አብሮ። መድኃኒቱ ተፈጥሮ የምትለውን መቃረን ነው፤ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል በሉ። ቅልጥማችሁ የጫማውን ምላስ ሁልጊዜ ሲገፋ ይሰማችሁ። እኔን ይህ አንድ ነገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ስትወድቁ ለመነሳት አትቸኩሉ። ስኪዎቹን ከእናንተ በታች አድርጉ፣ ቁልቁለቱን አግድም ይቁረጡት። ከዚያ በጎናችሁ ተደግፋችሁ ተነሱ። ስኪው ወደ ታች እያየ ለመነሳት ብትሞክሩ ተነስታችሁ ሳትጨርሱ ጉዞ ትጀምራላችሁ።

ሊፍቱ ላይ፣ ማለትም ሽቅብ በሚያወጣችሁ ተንጠልጣይ ወንበር ላይ፣ ዱላዎቹን በአንድ እጅ ያዙ፣ ወንበሩን በትከሻ ዞራችሁ እዩት፣ ቁጭ በሉ፣ መከላከያውን አውርዱ። ስትደርሱ የስኪውን አፍንጫ ቀና አድርጉ፣ ተነሱ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ከወረዳችሁበት ቦታ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ከኋላ የሚመጣውን ሰው ጀርባችሁ ላይ መጋበዝ ነው።

ወደ ቤዚን

ቫሊ ላይ በፈለጋችሁበት ቦታ መቆምና በሁለቱም ጎን መታጠፍ ከቻላችሁ ወደ ትልቁ ተራራ እለፉ። ለአንዳንዱ ሦስት ቀን ነው፣ ለአንዳንዱ ክረምቱን ሙሉ። መስመሮቹ ምልክት አላቸው። አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ፤ ሁለት ጥቁር አልማዝ ለሚያውቁት ብቻ። ምልክቱ የሚያወዳድረው በዚያው ተራራ ያሉትን መስመሮች ነው። አንድ ቦታ ሰማያዊ የወረደ ሰው ሌላ ቦታ ሰማያዊ ላይ ሊያለቅስ ይችላል።

የመንገድ ሕጉ አጭር ነው። ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። ከላይ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው። ስትቆሙ ዳር ላይ፣ ከላይ በምትታዩበት ቦታ ቁሙ።

ላቭላንድ ላይ ከባዱ ነገር ዳገቱ ሳይሆን ነፋሱና ብርሃኑ ነው። አብዛኛው ከዛፍ መብቀያ በላይ ስለሆነ የሚከልላችሁ ነገር የለም። ደመና ሲወርድ ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ይሆናል፤ ጉብታውን የምታውቁት እግራችሁ ሲመታው ነው። እንዲህ ያለ ቀን ዛፍ ያለበትን ዝቅተኛ መስመር ምረጡ። ግንዱ ጥላ ይሰጣችኋል፣ ዓይንም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ጥሩ ቀን ከሆነና ሰማያዊ መስመር ከለመዳችሁ ግን ሊፍት ቁጥር 9ን አትለፉ። ወደ 3,870 ሜትር ያወጣችኋል። የቆማችሁበት ሸንተረር የአህጉሩ የውሃ መክፈያ ነው። በአንዱ ጎን የቀለጠው በረዶ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ በሌላው ጎን ያለው ወደ ፓስፊክ አቅጣጫ። ከዚያ በላይ ያሉትን ከባድ መስመሮች ለሚፈልግ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ የበረዶ መኪና በሸንተረሩ ላይ በነፃ ያደርሳል። ትኬቱ ላይ ተጨማሪ አይጠይቁም፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ዋጋውን አትጠይቁኝ።

ገመዱ

አሁን ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ፓሱ እንመለስ። የስኪ ቦታው ዳር ላይ ገመድ ታያላችሁ። ከገመዱ ወዲህ ያለውን በረዶ ፓትሮሎች፣ የተራራው ደኅንነት ጠባቂዎች፣ ጠዋት ጠዋት ፈትሸውታል። አስጊ የሆነውን በፈንጂ አናውጠው አስቀድመው ያፈርሱታል። አደጋው ዜሮ ሆነ ማለት አይደለም፣ ግን ሰው ሠርቶበታል። ከገመዱ ማዶ፣ እንዲሁም ፓሱ ላይ፣ ማንም አልነካውም። መስመር የተዘጋበትን ገመድ ስር ለስር ሾልኮ ማለፍ በኮሎራዶ ሕግ ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ከሁሉ ትንሹ ጉዳይ ነው።

የኮሎራዶ በረዶ የራሱ ጠባይ አለው። በኦክቶበርና በኖቬምበር ቀድሞ የሚወርደው ስስ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከታች መሬቱ ሞቅ ያለ፣ ከላይ አየሩ ውርጭ ይሆናል። በመካከል ያለው በረዶ ወደ ስኳር መሰል ፍሬ ይለወጣል። ብትጨብጡት አይያያዝም፣ በጣቶቻችሁ መሐል ይፈስሳል። ከዚያ ጃንዋሪ ላይ ትልቁ በረዶ ይመጣና ነፋስ ጠቅጥቆ ይጭንበታል። ወለል ላይ ጤፍ አፍስሳችሁ ሳንቃ ብታስቀምጡበት ምን እንደሚሆን አስቡ። ወለሉ ያጋደለ ሲሆን ደግሞ አስቡት። የበረዶ ናዳ ማለት ይህ ነው። ሳንቃው የሰፈር ስፋት ሊኖረው ይችላል፣ የሚቀሰቅሰው ደግሞ የአንድ ሰው ክብደት ነው። ሰው ከሚይዙት ናዳዎች ከ10ሩ 9 ያህሉን የሚያስነሳው የተያዘው ሰው ራሱ ወይም ጓደኛው ነው።

በኤፕሪል 20 ቀን 2013 ላቭላንድ ፓስ አጠገብ ሺፕ ክሪክ በሚባል ቦታ 6 ሰዎች ናዳ ያዛቸው። 5ቱ ሞቱ። ጀማሪዎች አልነበሩም፤ መሣሪያም ነበራቸው። ቁልቁለቱን እየወረዱም አልነበረም፤ ከስሩ እያለፉ ነበር። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ናዳ ከላይ ለሚንሸራተት ሰው ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ሳንቃው ከግርጌውም ይነቃል።

ማዶ መሄድ ለሚፈልግ

መጀመሪያ ተማሩ። በየመኸሩ ነፃ የመግቢያ ትምህርቶች አሉ። ቀጥሎ «ደረጃ 1» የሚባለው የናዳ ትምህርት ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀን ነው። ይህ ጽሑፍ የሱ ምትክ አይሆንም።

ከዚያ ሦስት ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ ሰው። ቢከን፦ ገላ ላይ የሚታሰርና በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክ፣ ሌላውንም የሚፈልግ መሣሪያ ነው። ፕሮብ፦ ተጣጥፎ የሚያዝ፣ በረዶ ውስጥ የሚወጋ ረጅም ዘንግ። አካፋ፦ የብረት፤ ፕላስቲኩ በጠጠረ በረዶ ላይ ይሰበራል። ዕቃው እናንተን አያድንም፤ ጓደኛችሁን ነው የምታድኑበት። ስለዚህ ብቻችሁን ከሄዳችሁ ቢከኑ የሚጠቅመው አስከሬን ፈላጊዎችን ነው።

ጠዋት፣ ቡና ላይ፣ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ አንብቡ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። ሰው 4ንና 5ን ሲያይ ቤቱ ይቀመጣል። የሚያታልለው 3 ነው። መካከል ላይ ስላለ «መካከለኛ» ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ናዳ ማስነሳቱ የሚጠበቅበት ደረጃ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሞተውም በእሱ ነው። ቁጥሩን ብቻ አንብባችሁ አትዝጉ። የትኛው አቅጣጫ፣ የትኛው ከፍታ፣ ምን ዓይነት ንብርብር እንደሆነ ከስሩ ተጽፏል።

ቀጥሎ ዳገቱን ለኩ። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። ክፋቱ፣ ለስኪ የሚጥመውም ይኸው ነው። ዱላችሁን በረዶው ላይ አጋድማችሁ፣ የስልካችሁን የዳገት መለኪያ ከፍታችሁ ዱላው ላይ በማስቀመጥ ማየት ትችላላችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ከ30 በታች ብቻ ሂዱ፤ ሲቀጥልም ከራሳችሁ በላይ የተንጠለጠለ ዳገት እንዳይኖር እዩ።

መንገድ ላይ ጆሯችሁን ክፈቱ። እግራችሁ ስር «ዉፍ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የታችኛው ንብርብር ተደረመሰ ማለት ነው። ከስኪያችሁ ፊት በረዶው እንደ መስታወት ከተሰነጠቀ፣ ትናንት ከባድ በረዶ ወርዶ ከሆነ፣ ነፋስ በረዶ እያዛወረ ከሆነ፣ ድንገት ከሞቀ፣ ወይም አጠገባችሁ አዲስ ናዳ ካያችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። አንዱ ይበቃል። ቁልቁለት ስታቋርጡ አንድ በአንድ ሂዱ፣ ሌላው ከአስተማማኝ ቦታ ሆኖ ዓይኑን አይንቀል።

ሰው ቢቀበር ሰዓቱ በደቂቃ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጡት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ከሆናችሁ እርዳታ ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ ሌላ ናዳ እንደማይመጣ አረጋግጡ። በመጨረሻ የታየበትን ቦታ ያዙ። የሁላችሁንም ቢከን ወደ ፍለጋ ቀይሩ፣ ስልካችሁን ከቢከኑ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አርቁ። ቢከኑ የሚያሳየው የርቀት ቁጥር እየቀነሰ በሄደበት ሂዱ፤ 3 ሜትር ላይ ሲደርስ ቢከኑን በረዶው ላይ አስጠግታችሁ ቀስ በሉ። ትንሹ ቁጥር ያለበት ላይ በፕሮብ ውጉ፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ክብ እየዞራችሁ። ዘንጉ ሰውየውን ሲነካ አታውጡት። ከዘንጉ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ሆናችሁ ወደ ሰውየው ቆፍሩ። ከላይ ቀጥ ብላችሁ ብትቆፍሩ ቆማችሁ የምትጠቀጥቁት የሱን አየር ነው። 911 ለመደወል የሚተርፍ ሰው ካለ ወዲያው ይደውል፤ ግን ተራራው ላይ ኔትወርክ አትመኑ።

ይህን በሜዳ ተለማመዱት። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሮራ መናፈሻ ውስጥ ቢከን በፌስታል ጠቅልለን ቅጠል ስር እየደበቅን እንፈልጋለን። የሚያዩን ሰዎች ምን እንደሚያስቡ እግዜር ይወቅ።

ባለፈው ክረምት ፓሱ ላይ መኪና አቁመን፣ ስኪ አጥልቀን፣ 20 ደቂቃ ያህል እንደሄድን ያ «ዉፍ» ተሰማ። ሁላችንም ቀጥ አልን። ማንም ምንም አላለም፤ በመጣንበት ዱካ ተመለስን። ወደ ቤዚን ወርደን የግማሽ ቀን ትኬት ቆረጥን፣ ሰማያዊ መስመር ላይ እንደ ልጅ ስንጮህ ዋልን።

ቤት ስትገቡ የጫማውን ውስጥ አውጥታችሁ አድርቁ፤ ማሞቂያ ላይ ግን አትለጥፉት። ቢከኑን ማጥፋት አትርሱ። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ ባትሪውን አውጡት፤ ውስጡ ከፈሰሰ መሣሪያውን ያበላሸዋል።